እናትና ልጅ ለአንድ የክረምት ጉዞ ሲዘጋጁ

ልጃችሁ አንድ ቀን ምሳውን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ «እማዬ፣ በዚህ ክረምት በአባዬ ሞተር ጎባ ደርሼ ልመለስ አስቤያለሁ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? እኔ የመለስኩለትን ልንገራችሁ። «እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም!» ነበር ያልኩት። ከዚያም ሰሐኑን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ነገሩም በዚሁ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

የምንኖረው አዳማ ነው። ባለቤቴ በ2014 ዓ.ም. በሕመም ከተለየን ወዲህ ሞተር ብስክሌቱ ከግቢያችን ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣ ቁጥር ሸራውን ገልጦ ይወለውለዋል፤ አስነሥቶ ጥቂት ያሞቀዋል፤ መልሶም ይሸፍነዋል። ዘንድሮ ትምህርቱን ጨርሷል፤ በመስከረም ሩቅ አገር ሥራ ይጀምራል። ታናሽ እህቱ ደግሞ ኮሌጅ ትገባለች። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ለዚህ ሁሉ ስለማይበቃ ሞተሩን በመስከረም ለመሸጥ ሦስታችንም ተስማምተናል፤ ገዢውም ቀብድ ሰጥቷል። እንግዲህ ልጄ የጠየቀኝ የሞተሩን የመጨረሻ ጉዞ ነው።

«አውቶቡስ መች ጠፋና ነው?» አልኩት በማግስቱ። ዝም አለ። መልሱን የሰጡኝ አማቴ ናቸው። ጎባ የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። እሁድ ስልክ ስደውልላቸው ሞተሩ ሊሸጥ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እሱ ሲመጣ ገና ከመታጠፊያው ላይ ሳለ በሞተሩ ድምፅ ነበር የማውቀው። ውሻው እንኳ ሳይጮኽ በሩን እከፍትለት ነበር። ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ድምፁን አሰሙኝ» አሉኝ። አውቶቡስ ለዚህ ምን ይሠራል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። እኔ ሞተር የማላውቅ ሰው አይደለሁም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ ገጠር የቤት ኢኮኖሚክስ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ከቀበሌ ቀበሌ የምዞረው በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ነበር። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነውም ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ሞተሬን ሲገፋልኝ ነው። «ሴት ልጅ በሞተር!» እያሉ የሚገረሙት ሁሉ ወር ሳይሞላ ለመዱኝ። ከወለድኩ በኋላ ግን የቢሮ ሥራ ይዤ ከተማ ገባሁ፤ መንጃ ፈቃዴም መሳቢያ ውስጥ ገባ። እንግዲህ «አይሆንም» ያልኩት ሞተርን ስለማላውቅ ሳይሆን ስለማውቅ ነበር።

ሌሊቱን ሳሰላስል ግን ሌላም ነገር አገኘሁ። የፈራሁት ለልጄ ብቻ አልነበረም። ሸራው እንዳይገለጥ፣ ሞተሩ ከግቢው እንዳይወጣ የፈለግሁት እኔው ነበርኩ። የራሴን ሐዘን «የእናት ጥንቃቄ» ብዬ ስም አውጥቼለት ኖሯል። ደግሞስ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላውን ልጅ መከልከል የት ያደርሳል? ወጣት ሲከለከል መንገዱን አይተውም፤ ምክሩን ነው የሚተወው። ስለዚህ ሰኞ ማታ ደብተርና እርሳስ ይዤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥኩና «ና እንግዲህ፣ ዕቅድህን አሳየኝ» አልኩት።

«ማለዳ ተነሥቼ ማታ ጎባ እገባለሁ» አለኝ። ዕቅዱ ይኸው ብቻ ነበር!

በመጀመሪያው ገጽ ላይ መንገዱን አንድ ባንድ ጻፍነው። ከአዳማ ተነሥቶ በአዋሽ መልካሳ፣ በዴራና በኢተያ በኩል አሰላ፤ ከአሰላ በሳጉሬ በኩል በቆጂ፤ ከዚያም አሳሳና ዶዶላ፤ ከዶዶላ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ፣ በመጨረሻም ጎባ። ርቀቱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለመኪና የአንድ ቀን መንገድ ቢሆንም በሞተር ለሚጓዝ፣ ያውም በክረምት፣ የሁለት ቀን ነው ብዬ ወሰንኩ። ምክንያቱም ከርቀቱ ሌላ ከፍታውም አለ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች፤ ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራው የበቆጂና የአካባቢዋ ስስ አየር ለሯጭ ማጠንከሪያ ቢሆንም ለሞተርና ለነጂው ግን ፈተና ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሒሳብ ሠራን። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከአዳማ በቀላል ሸሚዝ የወጣ ሰው ዲንሾ ሲደርስ ብርዱ ቢያንስ በ9 ዲግሪ ይጨምርበታል። በዚህ ላይ ዝናቡ አለ፤ በዝናቡ ላይ ሞተሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚፈጥረው ነፋስ አለ። ውጭ ሐገር በጋ ማለት የሞተር ጉዞ ወራት እንደሆነ ልጄ በስልኩ ላይ እያሳየኝ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰማዩ በሚከፈትበት ወቅት ነው። የሐምሌንና የነሐሴን ደጋ የሌላ አገር በጋ አድርጎ ማሰብ አይገባም።

ሁለተኛው ገጽ የሞተሩ ነው። የሰፈራችንን መካኒክ ጠርተን አሳየነው። «ዳገት ላይ ይደክማል፤ አትደንግጡ» አለን። ምክንያቱንም ሲያስረዳን እኔ በጓዳ ሙያዬ ቶሎ ገባኝ። ደጋ አገር ባቄላ የቀቀለች ሴት ታውቀዋለች፤ እሳቱ ያው ነው፤ ውሃው ይፈላል፤ ባቄላው ግን አይበስልም። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በአዳማ በ95 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ 4,000 ሜትር ላይ ግን 87 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። በሞተሩም ላይ የሚሆነው ከዚሁ ስስ አየር የሚመጣ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ሳይቀንስ አየሩ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ስለዚህ መካኒኩ ካርቡራተሩን አጥቦ አስተካከለው፤ የአየር ማጣሪያውን አጸዳ፤ መለዋወጫ ካንዴላና መፍቻውንም እንድንይዝ አዘዘን።

ሦስት ዓመት ያለሥራ የቆመ ጎማ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቆ ስለተገኘ ሁለቱንም ቀየርን። ቅሬታ ነበረኝ፤ ሊሸጥ ለተዘጋጀ ሞተር አዲስ ጎማ መግዛት ብክነት መስሎኝ። ይሁን እንጂ በእርጥብ አስፋልት ላይ ነጂውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መዳፍ የሚያህል የጎማ ቦታ ብቻ መሆኑን ሳስብ ነገሩን ተውኩት። ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና የእጅ ነፋፊያ ተያዘ። ካቴናውም ዝናብ ቅባቱን ስለሚያጥበው በየማታው ዘይት እንዲቀባ ተጻፈ። ፍሬኑ ውሃ ውስጥ ካለፈ በኋላ ለጊዜው ስለሚደክም ከእያንዳንዱ ኩሬ በኋላ ቀስ እያለ ያዝ ለቀቅ እያደረገ እንዲያደርቀው አስጠነቀቅሁት። ይህን ሳልነግረው በፊት ልጄ አያውቅም ነበር። «አንቺ ይኼን ከየት አመጣሽው?» ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። ለእሱ ከተወለደ ጀምሮ እናቱ ብቻ ነበርኩ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ተጣላን። ልጄ የአባቱን ሄልሜት አድርጎ መሄድ ፈለገ። ሄልሜቱ ያረጀ ነው፤ አንድ ጊዜም ባለቤቴ ሲወድቅ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቷል። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ነገር ግን ራስን የሚያድነው ውስጡ ያለው ፎም ነው፤ ፎሙ በግጭት ጊዜ እየተጨፈለቀ ምቱን ስለሚያበርድ ከአንድ ከባድ ግጭት በኋላ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታውቋል። ይህ ግን ልኩን ለጠበቀና ማሰሪያው ለታሰረ ሄልሜት እንጂ ለማስታወሻ አይደለም።

«የአባዬ ስለሆነ ነው የምትጠዪው» አለኝ። ይህን ሲል እንባዬ መጣ፤ እሱም ደነገጠ። «የአባትህ ስለሆነ ነው ግድግዳ ላይ የምሰቅለው። አንተ ግን የእኔ ነህ» አልኩት። በማግስቱ ለመጋረጃ ያሰብኩትን የዕቁብ ገንዘብ ይዤ አብረን ገበያ ወጣን። ልኩን አድርጎ ማሰሪያውን አስሮ ራሱን ሲያወዛውዝ የማይነቃነቀውን መረጥን። አሮጌው መጋረጃ ለአንድ ዓመት ይበቃል።

ቀጥሎ ሙከራ አደረግን። አዲስ ዕቅድ በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ያምራል። በሰኔ መጨረሻ አንድ እሁድ ልጄ አሰላ ደርሶ እንዲመለስ አደረግሁት። ሲሄድ ፀሐይ ነበር። ሲመለስ ከኢተያ በታች ዝናብ ያዘው። በር ላይ ደርሶ ሞተሩን ካቆመ በኋላ የጃኬቱን ቁልፍ መፍታት አቃተው፤ ጣቶቹ ደርቀው ነበር። «ውሃ አያስገባም» ተብሎ የተሸጠልን ጃኬት በስፌቱ በኩል አስገብቷል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ደህና ነኝ» ይለኛል።

እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ብርድ ሰውን በአንድ ጊዜ አይጥለውም። መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፤ ቀጥሎ እጅን ያደነዝዛል፤ ከዚያም ሐሳብን ያፈዛል። ሐሳቡ የፈዘዘ ነጂ ደግሞ መፍዘዙን አያውቅም። በዚህ ጊዜ የሚረዳው እርጥብ ልብስን ማውለቅ፣ ደረቅ ልብስና ጋቢ ማልበስ፣ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ማጠጣት ነው። አረቄ አይሰጥም። አረቄ ለጊዜው ቆዳን ያሞቀ ቢመስልም የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል።

ያ እሁድ ከመካኒኩም ሆነ ከእኔ ምክር የበለጠ አስተማረው። ማታውን ራሱ ደብተሩን አወጣና ይጽፍ ጀመር። ከላይ እስከ ታች የሚደርስ የላስቲክ ልብስ ከጃኬቱ በላይ፤ ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፤ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ አንዱ ሲረጥብ አንዱ እንዲተካ፤ ቦት ጫማ፤ ካልሲ የሚሸፍን የላስቲክ ከረጢት። እኔም አንድ የድሮ ዘዴ ጨመርኩለት። ከጃኬት ሥር ደረት ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ ጋዜጣ ማድረግ ነፋስን አንጀት ድረስ እንዳይገባ ያግዳል። በአርሲ ብርድ ብዙ ጊዜ ያዳነኝ ይኸው ነው። እንግዲህ ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ እንዳትጥሉት!

ከሙከራው በኋላ በአንድ ገጽ ላይ ውል ጽፈን ሁለታችንም ፈረምንበት። ውሉ እንዲህ ይላል። ጉዞ የሚጀመረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ምክንያቱም የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚጠነክረው ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን የትም ቢደረስ ጉዞ ይቆማል። የመጀመሪያው ቀን አዳር ዶዶላ ነው። ቤንዚን አሰላ፣ ዶዶላና ሮቤ ላይ ይሞላል፤ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ከፊት ካለው መኪና በደረቅ መንገድ ከሚጠበቀው ርቀት እጥፍ ይጠበቃል። ጉም ዓይን ሲከለክል ከመንገዱ ወጥቶ ይቆማል። መንገድ አቋርጦ የሚወርድ ጎርፍ አይሻገሩትም፤ እስኪጎድል ይጠብቁታል። ከብትና አህያ ባለበት ሁሉ ማርሽ ይቀነሳል። እየነዱ ስልክ አይነጋገሩም፤ ከየከተማው ሲደርሱ ግን ይደውላሉ። ከመነሣት በፊት በዋዜማው ከአውቶቡስ ሾፌሮች የመንገዱ ሁኔታ ይጠየቃል።

የመጨረሻውን አንቀጽ የጨመርኩት እኔ ነኝ። «መመለስ የዕቅዱ ክፍል ነው» ይላል። ልጄ ይህን ለመፈረም አመነታ፤ «ከበቆጂ ከተመለስኩ ሰው ምን ይለኛል?» አለ። «አያትህ ዘንድ በአንድ ሳምንት ዘግይተህ ብትደርስ አያትህ ይጠብቁሃል። ሌላው ሰው የሚለውን ሞተር ላይ አትጫነው» አልኩት። ፈረመ።

አሁን የእኔን ድርሻ ልንገራችሁ። ሁለት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ በዳገትና በጭቃ መሄድ ለዚህ ሞተር ይከብደዋል። ስለዚህ እኔ ጓዙን ይዤ በዚያው ዕለት በአውቶቡስና በሚኒባስ እየተቀባበልኩ እሄዳለሁ፤ ዶዶላም እንገናኛለን። ደረቅ ልብሱ፣ ጋቢው፣ መፍቻው፣ የሻይ ፔርሙዙ ከእኔ ጋር ነው። ለስንቅ ጭኮ አዘጋጅቻለሁ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ጭኮ በጥቂቱ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፤ ቢቀዘቅዝም ይበላል። በሶና ቆሎም አለ። ሞተሩ ላይ የሚጫነው ልጄና የዝናብ ልብሱ ብቻ ነው። ይህን ዘዴ ስነግረው ሳቀና «እማዬ፣ አንቺ እኮ ከእኔ በላይ መሄድ ፈልገሻል» አለኝ። እውነቱን ነው።

ጎባ ከደረስን በኋላ አንድ ጉዞ ይቀራል። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ሲሆን፣ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «ልጆቹ ይደጉ እንጂ ሳነቴን በሞተር አሳይሻለሁ» ይለኝ ነበር። ልጆቹ አደጉ፤ እሱ ግን የለም።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ሰማዩ ከጠራ፣ ጓዛችንን አማቴ ዘንድ ትተን፣ ቀለል ብለን ወደ ሳነቴ እንወጣለን። ካልጠራ አንወጣም፤ ውሉ ውል ነው። ከወጣን ግን ማን ይነዳል የሚለው ገና አልተወሰነም። መንጃ ፈቃዴን አሳድሼያለሁ። ባለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ማለዳ ከሰፈራችን ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ወጥቼ ተለማመድኩ። የመጀመሪያው ቀን ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄው ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችም ሳቁብኝ። ሁለተኛው ቅዳሜ ሁለተኛ ማርሽ ገባሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ሜዳውን አምስት ጊዜ ዞርኩ፤ ልጆቹም ኳሳቸውን ይዘው መንገድ ለቀቁልኝ።

ጎረቤቶቼ ብዙ ይላሉ። አንዷ «እናት ሆነሽ ልጅሽን ለሞተር ትሰጫለሽ?» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ ከሁለት ወር በፊት እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። አሁንም ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ዓይኔ ይከፈታል። ነገር ግን ፍርሃቴ ሥራ አግኝቷል። ጎማ አስለውጧል፤ ሄልሜት ገዝቷል፤ ውል አስፈርሟል። ሥራ የሌለው ፍርሃት ግን ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ልጅን ከማስኮረፍ በቀር ምንም አያደርግም።

እናንተ አንባብያን እህቶቼም በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣባችሁ ይሆናል። ሞተር ላይሆን ይችላል፤ ሩቅ አገር ሥራ፣ ወይም እናንተ ያላሰባችሁት ትምህርት ይሆናል። «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ አንድ ማታ አብራችሁ ተቀመጡ። ዕቅዱ የማይረባ ከሆነ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፤ ልጁም ከእናንተ ይልቅ ወረቀቱን ያምናል። የሚረባ ከሆነ ደግሞ ከእናንተ የሚፈለገው ክልከላ ሳይሆን ዕውቀታችሁ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የምንነሣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። አማቴ ቀኑን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ትናንት ስደውልላቸው፣ «ከመታጠፊያው ላይ ስትደርሱ ጋዙን ሰጥ አድርጉት፤ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ እየደከመ ነው» አሉኝ። ለልጄ ነገርኩት። ከውሉ ግርጌ፣ ከፊርማችን በታች፣ በእርሳስ ጻፈው።

ሞተሩ በመስከረም ይሸጣል። የእህቱ መመዝገቢያ ይከፈልበታል። ስንመለስ የሆነውን እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።